ሴፕቴምበር ለምን ሁለት ቃል ሆነ? የአይሪሽ ወሮች ስም ታሪክ

ይሄን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ የታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን እምቢ ያለ ፕሮግራም ነው።

እኔ የምህንድስና ሰው ነኝ። ለምርምሬ ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ የአየር ሁኔታ መዝገቦችን በኮምፒዩተር ማንበብ ነበረብኝ፤ በየመዝገቡ ላይ ያለው ቀን ደግሞ በየአገሩ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ስለዚህ አንድ አጭር ፕሮግራም ሠራሁ። ሥራው ቀላል ነበር፦ ጽሑፉን ክፍት ቦታ ባለበት ይቆርጠዋል፣ የመጀመሪያውን ቁራጭ ቀን፣ ሁለተኛውን ወር፣ ሦስተኛውን ዓመት ብሎ ይመዘግባል። በፈረንሳይኛ ሠራ፣ በጀርመንኛም ሠራ። ከዚያ የአየርላንድ ፋይል መጣ። ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ያለው በሰላም አለፈ። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ተደናበረ። ኖቬምበር ላይ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ቀጠለ።

ፋይሉን ከፍቼ ሳየው ቀኑ የተጻፈው «14 ምያን ፎወር 2019» ተብሎ ነው። ሴፕቴምበር በአይሪሽ ቋንቋ ሁለት ቃል ነው! ምስኪኑ ፕሮግራም «ፎወር» የሚባል ዓመት ሲፈልግ ነበር የዋለው።

ማስተካከሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ከ12 ወር ሁለቱ ብቻ ለምን ሁለት ቃል ሆኑ? ለምንስ ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ? እናንተም ከእኔ ጋር ብትከተሉት ደስ ይለኛል፤ መጨረሻው «በጋ መቼ ነው የሚጀምረው?» ወደሚል ከባድ ጥያቄ ነው የሚወስደን። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ቋንቋው ትንሽ። አይሪሽ ከእንግሊዝኛ ጋር አንድ አይደለም፤ ኬልቲክ የሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ አባል ነው። በአየርላንድ የ1937 ሕገ መንግሥት ብሔራዊ ቋንቋ እንደመሆኑ የመጀመሪያው ይፋዊ ቋንቋ ተብሎ ተደንግጓል። በ2022 የሕዝብ ቆጠራ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰው «አይሪሽ እችላለሁ» ብሎ መልሷል። ከትምህርት ቤት ውጪ በየቀኑ የሚናገሩት ግን 72 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ስሞቹ። ጃንዋሪ አናር ይባላል፣ ፌብሩዋሪ ፍያውራ፣ ማርች ማርታ፣ ኤፕሪል አብራን። (ማርታ እዚህ ላይ የእህታችን ስም አይደለችም፤ የሮማውያን የጦርነት አምላክ የማርስ ወር ነው።) አራቱም ከላቲን የመጡ ናቸው፤ አፍ ላይ ቆይተው ተሞረዱ እንጂ ከእንግሊዝኛዎቹ ጋር ዘመድ ናቸው። ጁላይ ዩል ነው፤ እሱም የጁሊየስ ቄሳር ስም። ዲሴምበር ኖለግ ይባላል፣ «ገና» ማለት ነው፤ ይህም «ልደት» ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው።

ስድስት ላቲን ቆጠርን። የቀሩት ስድስቱ የአገሩ ናቸው፦ ሜይ ብያልተኔ፣ ጁን ሜሀቭ፣ ኦገስት ሉነሳ፣ ሴፕቴምበር ምያን ፎወር፣ ኦክቶበር ዴረ ፎወር፣ ኖቬምበር ሳውን።

ግማሽ በግማሽ! እዚህ ላይ የታሪክ ትምህርታችሁን የምታስታውሱ ትገረማላችሁ፤ ምክንያቱም ሮም አየርላንድን ገዝታ አታውቅም። የሮማ ጦር ብሪታንያ ድረስ መጥቶ ቆመ እንጂ ባሕሩን ተሻግሮ ደሴቲቱን አልያዘም። ታዲያ የቄሳር ስም እንዴት ደረሰ? በወታደር ሳይሆን በመነኩሴ ነው። ክርስትና በ5ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ላቲንና የሮማ የዘመን አቆጣጠር አብረው ገቡ። በ800 ገደማ ኦይንጉስ የተባለ መነኩሴ ለዓመቱ 365 ቀናት ለእያንዳንዱ አንድ አንድ አጭር ግጥም የያዘ ስንክሳር መሰል መጽሐፍ አዘጋጅቷል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ደግሞ ወሮቹ በቅደም ተከተል ካልተቀመጡ አይሠራም።

መነኮሳቱ ቀን መቁጠር የግድ ነበረባቸው፤ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ማስላት ነበረባቸዋ። የአየርላንድ ገዳማት በፊት በየ84 ዓመቱ በሚዞር ሰንጠረዥ ያሰሉ ነበር። በኋላ ግን በ7ኛው ክፍለ ዘመን ደቡቦቹ፣ በ716 ደግሞ የአዮና ደሴት ገዳም፣ ወደ 19 ዓመቱ ዑደት ተሻገሩ። ይህ ዑደት የተቀመረው እስክንድርያ ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማራችሁ ካላችሁ አወቃችሁት፤ አበቅቴና መጥቅዕ የሚወጡበት ያው የ19 ዓመት ዑደት ነው። አንድ የእስክንድርያ ስሌት ወደ ደቡብ ወርዶ እኛ ጋ፣ ወደ ሰሜን ወጥቶ አትላንቲክ ዳር ደረሰ። እኔ ይህን ሳውቅ ለረጅም ጊዜ ወንበሬ ላይ ዝም ብዬ ነበር የተቀመጥኩት።

እሺ፣ የላቲኖቹ ነገር ገባን። ትኩረታችንን የሚፈልጉት ስድስቱ ናቸው።

ፎወር የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዙ ቃል አያስፈልገኝም፤ አንድ ጥሩ ቃል አለን፦ መኸር። አይሪሹም እንደኛው ቃል ሁለቱንም ይይዛል፤ ወቅቱንም፣ አዝመራ መሰብሰቡንም። ምያን «አጋማሽ» ነው፣ ዴረ ደግሞ «መጨረሻ»። እንግዲህ ሴፕቴምበር «የመኸር አጋማሽ»፣ ኦክቶበር «የመኸር መጨረሻ» ሆነ። ሜሀቭም ብትንትን ሲደረግ ውስጡ «መካከል» የሚል ሥር አለው፤ የበጋ መካከል ማለት ነው። የዌልስ ሰዎችም ጁንን የሚጠሩት በዚሁ ዘመድ ቃል ነው። (በጋ ስል የአውሮፓውን ሞቃት ወቅት ማለቴ ነው፤ ክረምት ስል ደግሞ የነሱን ብርድ እንጂ የእኛን ዝናብ አይደለም።)

አሁን እንደ መሐንዲስ እናስብ። ሴፕቴምበር የመኸር መሀል ከሆነ፣ መኸር ኦገስት፣ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ነው። ጁን የበጋ መሀል ከሆነ፣ በጋ ሜይ፣ ጁንና ጁላይ ነው። ቀሪውን ብንሞላ ክረምት ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ፣ ጸደይ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል ይሆናል። ግን ይሄ ግምት ነው፤ ከሁለት መረጃ ተነስቼ ሙሉ መስመር ሰመርኩ። በላቲን ስሞች የተሸፈኑት ወሮች በእርግጥ እንደዚያ ነበሩ ወይ? ማረጋገጫ ያስፈልጋል።

ማረጋገጫው በአየርላንድና በብሪታንያ መካከል ባለች ማን በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ይገኛል። የደሴቷ ቋንቋ ማንክስ የአይሪሽ እህት ነው። ማንክስ ሴፕቴምበርንና ኦክቶበርን ልክ እንደ አይሪሽ የመኸር አጋማሽና መጨረሻ ይላቸዋል። ጁን «የበጋ አጋማሽ» ነው። እስካሁን አዲስ ነገር የለም። ግን ጁላይን ምን ይሉታል? «የበጋ መጨረሻ»! ቄሳር እዚያ አልደረሰም። ጃንዋሪስ? «የክረምት መጨረሻ»። ፌብሩዋሪ? «የጸደይ መጀመሪያ»። አይሪሹ ላይ በላቲን ቀለም የተሸፈነው ግድግዳ ማንክስ ላይ ሳይቀባ ቀርቷል። ግምታችን ልክ ነበር።

ግን ቆይ፤ በጋ በሜይ 1 ይጀመራል? መኸር በኦገስት 1? የአየርላንድ የሜትሮሎጂ አገልግሎት ብትጠይቁት በጋ ጁን፣ ጁላይና ኦገስት ነው ይላችኋል፤ መኸር ደግሞ ሴፕቴምበር 1 ይጀምራል። አንዱ ለሌላው አንድ ወር ሙሉ ይቀድማል። ማን ተሳሳተ?

ማንም አልተሳሳተም። የሚለኩት ነገር ይለያያል።

እናታችሁ እንጀራ ስትጋግር አይታችኋል። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ስትሰካው ወዲያው አይግልም፤ ስታጠፋው ደግሞ ወዲያው አይቀዘቅዝም። የመጨረሻዋን እንጀራ ምጣዱን ነቅላ የምትጋግር ጎበዝ ባለሙያም አለች። የሚገባው ኃይል ከፍተኛ የሚሆንበት ሰዓትና ምጣዱ በጣም የሚግልበት ሰዓት አንድ አይደሉም፤ ሙቀቱ ዘግይቶ ይከተላል። አየርላንድም እንደዚያው ናት። ከፀሐይ የምታገኘው ብርሃን ከፍተኛ የሚሆነው ቀኑ በጣም በሚረዝምበት በጁን 21 አካባቢ ነው። ዙሪያዋን የከበባት ውቅያኖስ ግን ትልቅ ምጣድ ነው፤ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በጣም ሞቃቶቹ ወሮች ጁላይና ኦገስት ይሆናሉ። የሜትሮሎጂ ሰዎች ቴርሞሜትር አይተው ወቅቱን ሙቀቱ ላይ ተከሉት። የድሮ ሰዎች ቴርሞሜትር አልነበራቸውም፤ ሰማዩን አይተው ወቅቱን ብርሃኑ ላይ ተከሉት።

ብርሃን እዚያ አገር ቀልድ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ልብ ሳንለው ያልፋል። ደብሊን ግን በጁን 17 ሰዓት ያህል ብርሃን አላት፣ በዲሴምበር ሰባት ሰዓት ተኩል ብቻ። አሥር ሰዓት ገደማ ልዩነት! እንዲህ ባለ አገር ብትኖሩ ወቅትን በምን ትለኩ ነበር?

አንድ ነገር ራሴ አስልቼ ደስ ስላለኝ ልጨምር። ከሜይ 1 እስከ ጁላይ 31 ያሉት 92 ቀናት ናቸው፤ መሀላቸው ጁን 15 አካባቢ ነው። ዛሬ ረጅሙ ቀን ጁን 21 ስለሚውል አምስት ስድስት ቀን ይስታል። ነገር ግን አውሮፓ ያኔ የምትጠቀምበት የጁሊየስ ቄሳር አቆጣጠር በየ128 ዓመቱ አንድ ቀን ያህል ይንሸራተት ነበር። ወደኋላ ስንመልሰው በኦይንጉስ ዘመን፣ በ800 ገደማ፣ ረጅሙ ቀን የሚውለው ጁን 17 ወይም 18 አካባቢ ነበር። «የበጋ መካከል» የሚለው ስም ያኔ የወሩ መሀል ላይ ሊያርፍ ምን ቀረው!

ስሞቹ ግን የሰማይ ብቻ አይደሉም፤ የመሬትም ናቸው። ብያልተኔና ሳውን መጀመሪያ የወር ስም ሳይሆኑ የበዓል ስም ነበሩ፤ አንዱ የሜይ 1፣ ሌላው የኖቬምበር 1። ዓመቱን ለሁለት የሚከፍሉ በሮች በሏቸው። በብያልተኔ ከብቶቹ ወደ ተራራው ግጦሽ ይወጣሉ፣ በሳውን ይመለሳሉ። በ900 ገደማ የተጻፈ፣ በጳጳስና ንጉሥ ኮርማክ ስም የሚጠራ መዝገበ ቃላት ስለ ብያልተኔ ሲያስረዳ፣ ጠንቋዮቹ ሁለት እሳት አንድደው ከብቱን በመካከል ይነዱት ነበር፣ በዚያ ዓመት በሽታ እንዳይነካው ብለው፣ ይላል። ሳውንን እናንተም ሳታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በፊልም የምታዩት ሃሎዊን የሳውን ዋዜማ ነው። በዓሉ ከዋዜማው ምሽት ስለሚጀምር ነው ኦክቶበር 31 ማታ የሚከበረው።

ሉነሳ ደግሞ «ሉ» ከሚባለው የጥንት አምላክ ስም የመጣ ነው። በድሮው አጻጻፍ የአምላኩ ስም ከነፊደሉ ይታይ ነበር፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የፊደል አጻጻፉ ሲቀል ፊደሎቹ ወድቀው ድምፁ ብቻ ቀረ። ወሩ በሮም የአውግስጦስ ንጉሥ ወር ነው፤ አየርላንድ ውስጥ ግን አውግስጦስ ሉን ማስነሳት አልቻለም። ለምን መሰላችሁ? እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ ሆድ ነው። ከኦገስት በፊት ያለው ጁላይ በገበሬው ዘንድ «የረሃብ ጁላይ» ይባል ነበር። ያለፈው ዓመት ጎተራ አልቋል፣ አዲሱ አልደረሰም። ሉነሳ ማለት አዲሱ እህል፣ በኋላ ዘመን ደግሞ አዲሱ ድንች፣ የሚቀመስበት ቀን ነው። የቄሳር ስም የረሃቡ ወር ላይ ቢለጠፍ ማን ግድ አለው? የጥጋቡን ወር ስም ግን ሰው በቀላሉ አይለውጥም።

የመኸር ሦስት ወር ለድሃ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ በ1840ዎቹ በመራራ መንገድ ታየ። በዚያን ጊዜ የደሃው ምግብ ድንች ነበር። የመሬት ኪራይ የሚከፈለው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሜይና በኖቬምበር ነው፤ በብያልተኔና በሳውን ማለት ነው። የጥንቶቹ የከብት ቀኖች የዕዳ ቀኖች ሆነው ነበር። በሴፕቴምበር 1845፣ በመኸሩ አጋማሽ፣ ቅጠሉን አጥቁሮ ድንቹን መሬት ውስጥ የሚያበሰብስ በሽታ መታየቱ ተሰማ። ዋናው ድንች የሚቆፈረው በኦክቶበር፣ በመኸሩ መጨረሻ ነው፤ ሲቆፈር ብዙው በስብሶ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት በሽታው ቀድሞ መጣ፤ በሉነሳ፣ ጥጋብ በሚጠበቅበት ወር፣ እርሻው ጠቆረ። ኪራዩ ግን ቀኑን ጠብቆ ይጠየቃል። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ሌላ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ።

ከሁሉ የተጎዱት የምዕራብ ድሆች ነበሩ፤ አይሪሽ የሚናገሩትም በብዛት እነሱ ናቸው። ከ1831 ጀምሮ የተከፈቱት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነበር። ስለ ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀው የ1851 ቆጠራ 1.5 ሚሊዮን ያህል ተናጋሪ አገኘ፤ ከሕዝቡ ሩብ እንኳ አይሞላም። ቀድሜ ያዙልኝ ያልኳችሁ 72 ሺህ እዚህ ጋ ነው ትርጉም የሚያገኘው።

«ሴፕቴምበር» የሚለውን ቃል እስቲ ክፈቱት። ውስጡ ያለው የላቲን «ሰባት» ነው፤ የሮማ ዓመት በማርች ይጀምር በነበረበት ዘመን ሰባተኛ ወር ነበር። አሁን ዘጠነኛ ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆነው፣ ማንም አላረመውም። «ምያን ፎወር» ግን ዛሬም ገበሬው ማሳ ላይ ምን እንደሚሠራ ይናገራል። አንድ ልጅ አይሪሽን ትቶ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲቆጥር የሚቀየርበት የወሩ መጠሪያ ብቻ አይደለም፤ መኸር መቼ ይጀምራል ለሚለው ጥያቄ የነበረው መልስም ነው።

ማንክስ ይህን እስከ መጨረሻው ቀምሶታል። ቋንቋውን ከልጅነቱ ጀምሮ የተናገረ የመጨረሻው ሰው የሚባለው ኔድ ማድረል በ1974 አረፈ። ደግነቱ ከዚያ በፊት፣ በ1948፣ የአየርላንድ የባህል ጥናት ኮሚሽን የድምፅ መቅጃ ይዞ ወደ ደሴቷ ሄዶ የእሱንና የሌሎች አዛውንቶችን ድምፅ ቀድቷል። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ደሴቷ ላይ ሁሉን ትምህርት በማንክስ የሚሰጥ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። እዚያ ያሉ ሕፃናት ጁላይን «የበጋ መጨረሻ» ብለው ይማራሉ።

አየርላንድ ውስጥም ክርክሩ አላለቀም። ብዙ ሰው አሁንም ጸደይ ፌብሩዋሪ 1፣ በቅድስት ብሪጅድ ቀን፣ ይጀምራል ይላል፤ ብርድ ቢሆንም፣ ዝናብ ቢሆንም። ከ2023 ጀምሮም በዓሉ የሥራ መዝጊያ ቀን ሆኗል። የአየር ትንበያው በቴሌቪዥን «ጸደይ ሊገባ አንድ ወር ቀርቶታል» ሲል አያት «ገብቷል እኮ!» ብላ ትመልሳለች፤ ቀኑ መርዘም መጀመሩን በመስኮት እያየች ነውና። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ አይሪሽ በአውሮፓ ኅብረት ሙሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ፣ ብራስልስ ቢሮ ውስጥ የሚተረጎም ሕግ ሁሉ ቀኑን በእነዚህ ስሞች ይጽፋል።

ፕሮግራሜስ? አስተካክዬዋለሁ። አሁን መጀመሪያ የወሮቹን ስም ዝርዝር ያያል፣ ከዚያ ነው የሚቆርጠው፤ ሁለት ቃል ያላቸውን ወሮች አንድ ላይ ይይዛል። በኩራት ዘጋሁትና ለሙከራ የማንክስ ቀኖችን ሰጠሁት። ዲሴምበር ላይ ቆመ። በማንክስ ዲሴምበር «ሚ ኒ ኖሊክ»፣ የገና ወር፣ ሦስት ቃል ነው።